ቆጣሪ የሌለው ሰዓትና የሰፈራችን ወሬ

ቱሉ ዲምቱ፣ ታክሲ ማዞሪያው አጠገብ፣ በአንድ የመስታወት ሣጥን የሚሠሩ ሰዓት ጠጋኝ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ጋ ቆሞ ማውራት ሱሴ ሆኗል። እጄ ላይ ያለው ሴይኮ ፋይፍ ነው። ስልኬ ግን በኡርቨርክና በኤምቢ ኤንድ ኤፍ ፎቶ ተሞልቷል። አቫንጋርድ የሚባሉት፣ መልካቸው ከሰዓት ይልቅ መንኮራኩር የሚመስለው፣ ዋጋቸው መኪና የሚገዛው የስዊዘርላንድ ሰዓቶች ናቸው። ፎቶ መሰብሰብ በነፃ ነው። ያየ ሁሉ ግን አስተያየት አያጣም።

«ይሄን ሁሉ ብር ያወጣ ሰዓትማ ዝንፍ አይልም!»

ዝንፍ ይላል እንጂ! የመርካቶ ባለባትሪ ሰዓት ይበልጠዋል። ባለባትሪው ውስጥ ያለችው ኳርትዝ የምትባል ክሪስታል በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። እንደ እነዚህ ውድ ሰዓቶች በሞላ የሚሠራው የሜካኒካሉ ትንሽ ጎማ ግን በአብዛኛው በሴኮንድ 6 ወይም 8 ጊዜ ነው የምትመታው። የስዊዘርላንዱ የሰዓት ፈታሽ ድርጅት ኮስክ እንኳ በቀን በአማካይ እስከ 4 ሴኮንድ ለዘገየ ወይም እስከ 6 ለፈጠነ ምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ስበት እንዳያዛባት ጎማዋን ይዞ የሚሽከረከረው ቱርቢዮንስ? ሰዓት ሠሪው ብረጌ እ.ኤ.አ. በ1801 የፈጠራ መብት ያገኘበት ለኪስ ሰዓት ነው። የኪስ ሰዓት ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚውል ስበት በአንድ በኩል ብቻ ይጫነዋል። እጅ ላይ ያለው ግን ከእጅ ጋር ሲገላበጥ ነው የሚውለው። ሲሽከረከር ማየቱ ግን ያፈዛል፣ አልዋሽም።

«ውስጡ ሩቢ የሚባል የከበረ ድንጋይ አለ»

መኖሩስ አለ፣ ግን ፋብሪካ የሠራው ነው። ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የተደረገ፣ ርካሽ።

«ከሮጠ ተበላሽቷል»

ይሄ የእኔው ስህተት ነው። ሴይኮዬ ድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መሮጥ ጀመረ። አለቀለት ብዬ ወሰድኩት። ጋሼ ክዳኑን እንኳ አልከፈቱም። ከመሳቢያ ትንሽ ኮምፓስ አውጥተው አጠገቡ ቢያደርጉት ቀስቱ ዞረ።

«ማታ የት ነው የምታስቀምጠው?»

ስፒከር ላይ። ለካ ከፀጉር የቀጠነችው ሞላ ማግኔት ሲይዛት ጥምጥሞቿ ይጣበቃሉ። ያጠረች ያህል ስለሚሆን ጎማዋ ቶሎ ቶሎ ትመታለች። ማግኔት የሚያጠፋ ትንሽ ሣጥን ላይ አድርገው ቁልፉን ተጫኑ፣ ሰዓቱን ቀስ ብለው ወደ ላይ አነሱት። በቃ፣ ዳነ።

«ገዝተህ ቆልፍበት፣ እንደ ለገጣፎ መሬት ይጨምራል»

ያገለገሉ ውድ ሰዓቶች ዋጋ እስከ እ.ኤ.አ. 2022 መጀመሪያ ድረስ ሰማይ ነካ፣ ከዚያ ወረደ። ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ እየገፋ ሰዓት የሚያሳየው ኤችዋይቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ከስሮ ነው በኋላ የተነሳው። መሬት ደግሞ ዘይት አይደርቅበትም። ሰዓት ተቆልፎበትም ዘይቱ ያረጃል፤ እንዲህ ያለውን ለማሠራት ደግሞ መመለሻው ወደ ሠራው ድርጅት ነው።

«ቆጣሪ የሌለው ሰዓት የዘንድሮ ፋሽን ነው»

ቆጣሪ፣ ማለት ቀስት፣ የሌላቸውን ሰዓቶች የሚሠራው ኡርቨርክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሐሳቡ ግን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሮም ውስጥ የካምፓኒ ወንድማማቾች ለካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አሌክሳንደር ሰባተኛ የሌሊት ሰዓት ሠርተው ነበር። የሰዓቱ ቁጥር ራሱ እየተጓዘ ደቂቃውን ያመለክታል፣ ከኋላው መብራት ያበራዋል።

ይህን ሁሉ ለጋሼ አስረድቼ የኡርቨርኩን ፎቶ አሳየኋቸው። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አዩት።

«8 ይላል።»

«2 ሰዓት ነው ጋሼ፣ በፈረንጅ ነው የተሞላው።»

እኛ በፈረንጅ የተሞላ ሰዓት ስናነብ የቆጣሪውን ፊት ለፊት ነው የምናየው። እሳቸውም ከ8 ፊት ለፊት ፈለጉ፣ ስልኩን ገልብጠው ፈለጉ።

«ታዲያ 2 የታለች?»