ስለ ኮስታሪካ ፕሬዚዳንቶች የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

ኮስታሪካ ስትነሳ "ጦር የሌላት አገር" የሚለው ይቀድማል። ይህስ እውነት ነው፤ ስህተቱ የሚበዛው ስለ መሪዎቿና ስለ ሥልጣናቸው በሚወራው ላይ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ጦሩን የበተነው በምርጫ የመጣ ፕሬዚዳንት ነው"

አይደለም። ጦሩን የበተነው ሆሴ ፊጌሬስ ፌሬር መጀመሪያ ሥልጣን የያዘው ጠመንጃ አንስቶ ነው። በፌብሩዋሪ 1948 በተካሄደው ምርጫ ኦቲሊዮ ኡላቴ አሸናፊ ቢባልም፣ ምክር ቤቱ ማርች 1 ቀን ውጤቱን ሰረዘው። ፊጌሬስ ሸፈተ፤ 44 ቀን የፈጀውን የእርስ በርስ ጦርነት አሸነፈና በጁንታ ሊቀ መንበርነት 18 ወር ገዛ። ዲሴምበር 1 ቀን 1948 ሳን ሆሴ በሚገኘው የቤያቪስታ ጦር ሰፈር ትልቅ መዶሻ አንስቶ ግንቡን መታ፤ ጦሩ መፍረሱም ታወጀ። ሰፈሩ ዛሬ ብሔራዊ ሙዚየም ሲሆን፣ ማማዎቹ ላይ ጥይት የቦረቦራቸው ቀዳዳዎች አሁንም ይታያሉ። የ1949ኙ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ቋሚ ጦርን ከለከለ፤ ጸጥታ ማስከበር የፖሊስ ሥራ ሆነ።

ሰውየውን ከብዙ ድል አድራጊ አማፅያን የሚለየው ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ኖቬምበር 8 ቀን 1949 ወንበሩን ለኡላቴ አስረከበ። በ1953 እና በ1970 የተመለሰው ተመርጦ ነው።

"ኦስካር አሪያስ ኖቤል የተሸለመው ጦሩን በመበተኑ ነው"

ጦሩ ሲበተን፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው አሪያስ ገና ልጅ ነበር። የ1987 የሰላም ኖቤል የተሰጠው በመካከለኛው አሜሪካ ይካሄዱ የነበሩትን ጦርነቶች ለማስቆም ባወጣው እቅድ ነው። ኦገስት 7 ቀን 1987 የጓቲማላ፣ የኤል ሳልቫዶር፣ የሆንዱራስ፣ የኒካራጓ እና የኮስታሪካ ፕሬዚዳንቶች ጓቲማላ ሲቲ ላይ ፈርመውበታል።

"ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምጽ ያስፈልጋል"

የሚያስፈልገው ዋጋ ካለው ድምጽ ከ40 በመቶ በላይ ነው። ምርጫው በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው እሑድ ይካሄዳል፤ ከ40 በመቶ በላይ ያገኘ ከሌለ ሁለቱ ቀዳሚዎች በኤፕሪል የመጀመሪያው እሑድ እንደገና ይወዳደራሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ማን መራ ብሎ መደምደም ያሳስታል፦ ሮድሪጎ ቻቬስ በ2022 በመጀመሪያው ዙር 17 በመቶ እንኳ ሳይሞላለት ሁለተኛ ወጥቶ፣ በኤፕሪል 53 በመቶ ገደማ አግኝቶ አሸንፏል።

ሁለተኛው ዙር ከደረሰ ማፈግፈግም የለም። በ2014 ጆኒ አራያ ዘመቻውን አቆምኩ ቢልም ሕገ መንግሥቱ (አንቀጽ 138) ራስን ማግለልን ስለማይፈቅድ ስሙ ከድምጽ መስጫ ወረቀቱ ላይ አልተፋቀም። ሉዊስ ጊየርሞ ሶሊስ 78 በመቶ ገደማ ወስዶ አሸነፈ።

"አንድ ጊዜ የመራ ዳግም አይመረጥም"

ይህ ከ1969 እስከ 2003 ድረስ ልክ ነበር። በ2003 የሕገ መንግሥት ችሎቱ እገዳውን ሻረው። አሁን የአራት ዓመት ዘመኑን የጨረሰ ሰው ስምንት ዓመት ከቆየ በኋላ ሊወዳደር ይችላል፤ በተከታታይ ግን አይሆንም። አሪያስ በ2006 የተመለሰው በዚህ ነው።

"ላውራ ቺንቺያ በመካከለኛው አሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ናት"

ለኮስታሪካ አዎ፣ በ2010። በኒካራጓ ግን ቪዮሌታ ቻሞሮ በ1990፣ በፓናማ ሚሬያ ሞስኮሶ በ1999 ቀድመዋታል።

"ፕሬዚዳንቱ ያሻውን ያደርጋል"

የኮስታሪካ ፕሬዚዳንት እንደ ኢትዮጵያው ለሥነ ሥርዓት የተቀመጠ አይደለም፤ መንግሥቱን የሚመራው ራሱ ነው። ሆኖም ብቻውን የሚፈርመው ነገር ጥቂት ነው። ሚኒስትር መሾምና መሻር የእሱ ነው፤ ሌላው ድንጋጌ ግን የሚመለከተው ሚኒስትር አብሮ ካልፈረመበት ዋጋ የለውም። ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በቬቶ መመለስ ይችላል፤ በመደበኛው በጀት ላይ ግን ቬቶ የለውም። ከ57ቱ የምክር ቤት አባላት 38ቱ ከጸኑ ቬቶው ይወድቃል።

ያለመከሰስ መብቱን ለማንሳት የሚያስፈልገውም ይኸው 38 ድምጽ ነው። ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 ምክር ቤቱ በቻቬስ ላይ ድምጽ ሲሰጥ የተገኘው 34 ነበር፤ አራት ጎድሎ መብቱ ሳይነሳ ቀረ።