ጥቁር ክብ ያለባቸው ፎቶዎች፦ በድቀት ዘመን የተነሳችው አሜሪካ

አቧራ የዋጠው ጎጆ። በባዶ እግሩ የቆመ ሕፃን። ፍራሽና ድስት ጭና መንገድ ዳር የቆመች አሮጌ መኪና። የ1930ዎቹን የአሜሪካ ገጠር ሲያስቡት ፊት የሚመጡት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ብዙዎቹ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ሙዚየም አልነበረም፣ ጋዜጣም አልነበረም። ሥራው ችግረኛ ገበሬ መርዳት ነበር።

ዘመኑ ክፉ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት ሰዉን ሥራ አሳጣው። በዚያ ላይ ድርቅ ታከለ። በእነ ኦክላሆማና ካንሳስ አለቅጥ የታረሰው አፈር ደርቆ በነፋስ ተነሳ፤ ቀኑን ያጨልመው ጀመር። ገበሬው ቤቱን ጥሎ ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደደ። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት በ1935 እነዚህን ሰዎች የሚረዳ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ በ1937 «የእርሻ ዋስትና አስተዳደር» ተባለ። እርዳታ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። ተቃዋሚውም ብዙ ነበር። ስለዚህ የከተማው ሰው የገጠሩን ጉድ በዓይኑ እንዲያይ የፎቶ ክፍል ተከፈተ። በግልጽ አማርኛ፣ ፕሮፓጋንዳ ነበር። ጥሩ ፕሮፓጋንዳ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ክፍሉን የመራው ሮይ ስትራይከር ኢኮኖሚክስ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። ራሱ ፎቶ አንሺ አልነበረም። ሰዎቹን ወደ መስክ ሲልክ ግን ምን ማየት እንዳለባቸው ጽፎ ይሰጣቸዋል፦ ሰው ማታ ቤቱ ምን ይሠራል? ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ምን ይለብሳል? የት ይገናኛል? ዶሮቲያ ላንግ፣ ዎከር ኢቫንስ፣ አርተር ሮትስታይን፣ ራስል ሊ፣ ማሪዮን ፖስት ዎልኮት በዚህ መንገድ አገሩን አዳረሱት። ኢቫንስ በ1936 በሐምሌና በነሐሴ አላባማ ገብቶ ጥጥ የሚያመርቱ ድሆችን አነሳ። ከመካከላቸው ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር የሚካፈሉ ነበሩ፤ በእኛ አገር እኩል አራሽ የምንላቸው ዓይነት።

ከሁሉ የገነነችው የላንግ ፎቶ ናት። መጋቢት 1936፣ ኒፖሞ፣ ካሊፎርኒያ። አተሩን ውርጭ መትቶታል፤ ለቃሚው ሥራ ፈቶ ሰፈሩ ውስጥ ቀርቷል። ላንግ ሰፈሩን የሚጠቁመውን ጽሑፍ አልፋ ወደ 20 ማይል ያህል ከነዳች በኋላ ሐሳቧን ለውጣ ተመለሰች። በደቂቃዎች ውስጥ አንዲት የ32 ዓመት እናት ከልጆቿ ጋር አንስታ ሄደች። ስሟን አልጠየቀችም። ፎቶዋ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ መንግሥት ለሰፈሩ ምግብ ላከ። እናትየው ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ነው። ከፎቶው አንዲት ሳንቲም እንዳላገኘች ተናገረች፤ ባትነሳም ትመርጥ ነበር። ላንግ «የመኪናቸውን ጎማ ሸጠው በሉ» ብላ የጻፈችውንም ቤተሰቡ አስተባብሏል።

ሮትስታይንም በዚያው ዓመት ጣጣ ገጥሞታል። ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ያገኘውን የበሬ ራስ ቅል ከቦታው ትንሽ አንቀሳቅሶ አነሳው። ጊዜው የምርጫ ዓመት ነበርና ተቃዋሚዎች «ድርቁ የተቀናበረ ነው» ብለው ጮኹ። ድርቁ ግን እውነት ነበር።

ስትራይከር ያልወደደውን ነጋቲቭ (ፎቶ የሚታተምበትን ፊልም) እንዳይታተም ይበሳው ነበር። ቀዳዳው ብርሃን ስለሚያሳልፍ በታተመው ፎቶ ላይ ጥቁር ክብ ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዴ ሰማዩ ላይ፣ አንዳንዴ ሰው ፊት ላይ። ፎቶ አንሺዎቹ ተናደዱ፤ ቆይቶም ልማዱ ቀረ።

እኔን የሚይዘኝ ግን ዝነኛው ፎቶ አይደለም፤ ተራው ነው። ፀጉር ቤቱ፣ የለስላሳ ማስታወቂያው፣ የሱቁ መደርደሪያ። ራስል ሊ በ1940 ፓይ ታውን በምትባል የኒው ሜክሲኮ መንደር ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲበላ በቀለም ፊልም አንስቷል። ቀይ ቀሚስ ሲታይ፣ ያ ዘመን ጥቁርና ነጭ እንዳልነበር ሰው ድንገት ይገባዋል። ጆን ቫሾን ደግሞ በተላላኪነት ተቀጥሮ ካሜራ የለመደ ልጅ ነው። በ1938 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከአንድ ፍርድ ቤት ግቢ የውኃ መጠጫ አነሳ። መጠጫው አጠገብ ያለው ዛፍ ላይ የጥቁሮች መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ አለ። አጠገቡ የቆመው ጥቁር ልጅ ነው።

ፎቶ አንሺው ጎርደን ፓርክስ በ1942 ክፍሉን ለመቀላቀል ዋሽንግተን ሲመጣ ራሱ ጥቁር ስለነበር ይህንኑ መድልዎ በገዛ ቆዳው ቀመሰው። መሥሪያ ቤቱ ባለበት ሕንፃ ውስጥ የምታጸዳውን ኤላ ዋትሰንን መጥረጊያና መወልወያ ይዛ ከአሜሪካ ባንዲራ ፊት አቆማትና አነሳት። ከዚያም ቤቷና ቤተ ክርስቲያኗ ድረስ ተከትሏት ብዙ ፎቶ አነሳ። ያ ተከታታይ ሥራ ከባንዲራዋ ፎቶ ይበልጣል እላለሁ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ክፍሉ በ1942 ወደ ጦርነት ማስታወቂያ ቢሮ ተዛወረና ፋብሪካና ወታደር ማንሳት ያዘ። ክምችቱ በ1944 ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ፦ 175,000 ገደማ ጥቁርና ነጭ ነጋቲቭ፣ 1,600 ገደማ ባለ ቀለም። በመንግሥት ገንዘብ ስለተነሱ የቅጂ መብት ገደብ የለባቸውም፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳሉ። ዋሽንግተን ያለ ሰው ደግሞ የአንባቢ መታወቂያ አውጥቶ ካፒቶል ሂል ያለው የቤተ መጻሕፍቱ ንባብ ክፍል ገብቶ ማየት ይችላል። የተበሱትም አብረው ተቀምጠዋል፣ ከነጥቁር ክባቸው።