ወላጆቹ ደህና ሆነው በሽታው እንዴት በዘር መጣ?

ደሴ ውስጥ ቡና ስንጠጣ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። «እናትም አባትም ደህና ናቸው፤ ታዲያ የልጁ ማጠር እንዴት የዘር ነው ይባላል?» መጨረሻ ላይ የምትወቀሰው እናት ናት። ይሄ በጣም ያመኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ጂን (ሰውነታችን እንዴት እንደሚሠራ የሚወስን፣ ከወላጅ የሚወረስ መመሪያ) ማለት ይቻላል በሁለት ቅጂ እንወርሳለን፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። አንዳንድ የአጥንት በሽታ የሚወጣው ሁለቱም ቅጂዎች ሲበላሹ ብቻ ነው።

ምሳሌው ከ12,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ደቡብ ጣሊያን፣ ሮሚቶ ዋሻ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው እንደተቀበሩ ተገኙ። ተመራማሪዎች በውስጥ ጆሮ ዙሪያ ካለው ጠጣር አጥንት ዲኤንኤ አወጡ። ከሁለቱ አንዷ ልጅ ነበረች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነበር፤ ኤንፒአር2 የተባለው፣ ለአጥንት እድገት የሚያስፈልግ ጂን በሁለቱም ቅጂ ተለውጦባታል። አብራት የተቀበረችው የቅርብ ዘመዷ፣ ምናልባትም እናቷ፣ የተለወጠባት አንዱ ብቻ ነው። ልጅቷ በአደን በሚኖር ሕዝብ መሃል እስከ ጉርምስና ደርሳለች። ሰው ተንከባክቧታል ማለት ነው።

እርግጠኛው ነገር፦ በዚህ ዓይነቱ በሽታ ሁለቱም ወላጆች አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ከያዙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። የሚለያየው ደግሞ የበሽታው ዓይነት ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ተበላሽቶ የሚመጣም አለ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምርመራ ነው።