«የማዕድን ምልክት» ማለት የማዕድን ማውጫ አይደለም

በአላስካ የማዕድን ካርታ ላይ «ሞሊብዲነም» (ብረትን ለማጠንከር የሚጨመር የብረት ዓይነት) የሚል ነጥብ ያዩ ሰዎች ማውጫ እየመሰላቸው ደጋግመው ስለሚጠይቁ፣ «የማዕድን ምልክት» የሚለውን ቃል ማብራራት አስፈልጓል። ምልክት የሚያረጋግጠው ማዕድኑ በቦታው መታየቱን ብቻ ነው፤ መንገድ በሌለው ተራራ ላይ አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ ነጭ የኳርትዝ ድንጋይ ሰብሮ፣ እንደ እርሳስ ወረቀት ላይ የሚጽፍና ሲዳስሱት የሚያሟልጭ ግራጫ ቅርፊት፣ ማለትም ሞሊብደናይት፣ ካገኘ ይመዘገባል። ከንጹሕ ሞሊብደናይት 60 በመቶ ያህሉ ሞሊብዲነም ነው፤ ቅርፊቱ ግን በአንድ ኪሎ ዐለት ውስጥ አንድ ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። ክምችት ለመባል መጠኑ በቁፋሮ መለካት አለበት። አዋጭነቱ ደግሞ እንደ ገበያው፣ እንደ መንገዱና እንደ ሕጉ ይለያያል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በደቡብ ምሥራቅ አላስካ የተገኘው ኳርትዝ ሂል ግዙፍ ክምችት መሆኑ ቢረጋገጥም እስካሁን ማውጫ አልሆነም።