ቤዙ የት ጠፋ? ስለ ቤዝ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ባለፈው አንድ ልጅ የሠራውን ቢት ላከልኝ። በስልኬ ከፈትኩት። ከበሮው አለ፣ ሲንቱ (በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተፈጠረው ዜማ) አለ፣ ቤዙ፣ ወፍራሙ የታች ድምፅ፣ የለም። ደወልኩለት። «እንዴ! እዚህ መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ» አለኝ። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ቤታቸው ሆነው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከሚሠሩ ልጆች ደጋግሜ የምሰማው ጭንቀት ይኼ ስለሆነ፣ ከጀርባው ያሉትን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ቤዙ ካልተሰማ ታችኛውን ድምፅ መጨመር ነው»

የልጁን ፕሮጀክት ስከፍተው ኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ) ላይ 50 ኸርዝ፣ ማለትም በጣም ወፍራሙ ድምፅ፣ በ9 ዴሲቤል ከፍ ተደርጓል። የስልክ ስፒከር ግን 50 ኸርዝን አያወጣም ማለት ይቻላል። 9 ጨመራችሁ 20 ጨመራችሁ ያው ነው። ትርፉ ጉዳት ነው፤ ቤዙ በመታ ቁጥር ማስተሩ (ሁሉም ድምፅ ተደምሮ የሚወጣበት ትራክ) ላይ ያለው ሊሚተር፣ ድምፁ ከገደብ እንዳያልፍ የሚይዘው፣ ዘፈኑን በሙሉ ይጫነዋል።

ጆሯችን ቤዝን የሚለየው ከበላዩ ባሉት ሃርሞኒኮችም ጭምር ነው። 55 ኸርዝ ላይ ያለች ኤ ኖታ 110፣ 165፣ 220 እያሉ የሚከተሏት ድምፆች ካሏት፣ ስፒከሩ 55ን ባያወጣውም አእምሯችን የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ንጹህ ሳይን ዌቭ ግን ብቻውን ነው፤ ተከታይ የለውም። ለዚህ ነው ትንሽ ስፒከር ላይ ድራሹ የሚጠፋው።

በገናን አስቡ። ድምፁ ወፍራም ነው፤ በትንሽ ራዲዮ ስትሰሙት ግን አይጠፋም። ምስጢሩ እንዝራው ነው፤ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት ብርኩማ መካከል የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ። አውታሩ ሲመታ ከቆዳዋ ጋር እየተነካካ ያንን የሚነዝር ድምፅ ያወጣል። ንዝረቱ በሃርሞኒክ የተሞላ ነው። ሳቹሬሽን (ድምፅን ትንሽ አሻክሮ ሃርሞኒክ የሚጨምር ኢፌክት) ቤዝ ላይ የሚሠራው ሥራም ይኼው ነው። አባቶቻችን በቆዳ የፈቱትን ነገር እኛ በሶፍትዌር ፕለጊን እንፈልገዋለን፤ ይኼን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የቤዙን ትራክ እደግመዋለሁ። አንዱን ንጹህ አድርጌ ለታች እተወዋለሁ። ሁለተኛው ላይ ሳቹሬሽን አደርግና ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን እቆርጠዋለሁ። ከዚያ ስልኬ ላይ እስኪሰማኝ ድረስ ቀስ እያልኩ ከፍ አደርገዋለሁ። ልጁም 9ኙን ዴሲቤል አጥፍቶ ይኼን ሞከረ። ቤዙ ተሰማ።

«ወፍራም ቤዝ ብዙ ተደራራቢ ሌየርና ውድ ሲንት ይፈልጋል»

ሁለት ድምፆች ታች ላይ ሲገናኙና ፌዛቸው (ሞገዳቸው የሚወጣበትና የሚወርድበት ጊዜ) ሳይገጥም ሲቀር፣ አንዱን በር ከሁለት ወገን እንደሚገፉ ሰዎች ናቸው። በሩ አይንቀሳቀስም። የአንዱን ሌየር ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡና ስሙ። ቤዙ ድንገት ከወፈረ እስካሁን እርስ በርስ ሲጠፋፉ ነበር ማለት ነው። ታችኛው ክፍል አንድ ባለቤት ብቻ ይኑረው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የሮላንድ ቤዝ ሲንት ቲቢ 303 ያለው አንድ ኦሲሌተር (ድምፅ የሚያመነጭ ክፍል) ብቻ ነው፤ ሶው ወይም ስኩዌር የሚባል ሞገድ ያወጣል። ገበያ ላይ አልሆነለትም፣ ምርቱም ቆመ። ከዚያ የቺካጎ ልጆች በርካሽ አግኝተውት ፊልተሩን እያዟዟሩ አሲድ ሃውስ የተባለውን የዳንስ ሙዚቃ ፈጠሩበት። ዛሬ ደግሞ ሰርጅ ኤክስቲ የተባለው የሶፍትዌር ሲንት በነፃ ይወርዳል፤ ቫይታልም ነፃ ቨርዥን አለው።

«ስቴሪዮ ሲሰፋ ቤዙ ይገዝፋል»

በሄድፎን፣ አዎ። ሞኖ በሆነ (ሁለቱንም ወገን አንድ አድርጎ በሚያወጣ) የክለብ ሲስተም ግን ግራና ቀኙ ሲደመሩ ሊጠፋፉ ይችላሉ። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ሞኖ አድርጉት፤ ማስፋት ካማራችሁ ከዚያ በላይ ያለውን አስፉ።

«808 ከበሮ ስለሆነ ቃና አያስፈልገውም»

ያስፈልገዋል እንጂ! ረዥም የ808 (የሮላንድ ቲአር 808 ከበሮ ማሽን) ኪክ ኖታ ነው። ዜማችሁ በሲ ትዝታ ሜጀር ከሆነ ያሉት ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ ናቸው። ሳምፕሉ (የተቀዳው የ808 ድምፅ) ኤፍ ላይ ከተቀመጠ ከቅኝቱ ውጭ ነው፤ ከኢ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይጋጫል። ታች ላይ ቃና መለየት ስለሚከብድ፣ ለጊዜው አንድ ወይም ሁለት ኦክታቭ ከፍ አድርጋችሁ ቃኙትና መልሱት።

«እኔ ክፍል ውስጥ ጥሩ ከተሰማ ጥሩ ነው»

ወደ ልጁ መስኮት እንመለስ። የ43 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ 8 ሜትር ገደማ ይረዝማል። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል የዚያን ግማሽ ይይዛል። ስለዚህ መሃል ላይ ስትቀመጡ 43 ኸርዝ ይከሳል፤ ግድግዳው ጋ ስትጠጉ ያብጣል። እውነት መሆኑን ለማየት ያቺን ኖታ ሳይን ዌቭ ላይ ይዛችሁ ክፍሉ ውስጥ ተራመዱ። ድምፁ እግራችሁን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ልጁ ጠረጴዛውን ያስቀመጠው ክፍሉ መሃል ነው። ቤዙ አነሰብኝ እያለ 50 ኸርዝን ሲጨምር የከረመው እዚያ ሆኖ ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ግድግዳው ላይ ነው። ወንበሩን ከፊት ለፊቱ ግድግዳ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ አድርጎ እንደገና እንዲሰማው ነገርኩት። ማታ ደወለልኝ። ቤዙን ዝቅ እያደረገ ነበር።