«ተክለናል እኮ!» እና ሌሎች የሚያናድዱ መልሶች

ክረምት ሲገባ ሥራዬ ይበዛል፣ ትዕግሥቴ ያልቃል። የምሠራው ደቡብ ወሎ ውስጥ በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ነው። ስለ ግጦሽ ባነሳ፣ ስለ ማገዶ ባነሳ፣ ስለ ቆሻሻ ባነሳ የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ «እኛ እኮ ችግኝ ተክለናል!» ገበሬውም ይለዋል፣ የደሴ ቢሮ ሠራተኛውም ይለዋል። አንድ ቀን የተከለ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንደፈለገ መኖር የተፈቀደለት ይመስለዋል። እስቲ ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

«ችግኝ ከተተከለ ተራራው ዳነ»

አልዳነም። ነገሩ በመትከል ቢሆን ኖሮ ወሎን የሚስተካከለው ባልተገኘ። ከ66ቱ ድርቅ በኋላ፣ በ77ቱም ዘመን፣ በምግብ ለሥራ ስንቱ ተዳፋት እርከን ወጣበት! ስንቱ ኮረብታ ተከለለ! ሰው ስንዴና ዘይቱን እየተቀበለ ተከለ። 1983 ላይ መንግሥት ሲለወጥ ግን ከዚያ ውስጥ ብዙው በመጥረቢያ አለቀ። ዛፉ «የመንግሥት» ነበራ! የኔ ነው የሚለው ሰው ስላልነበረ የሚከላከልለትም አላገኘም።

ዛሬም ከ2011 ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ ተብሎ ይተከላል። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። እኔን የሚያሳስበኝ ከፎቶው በኋላ ያለው ነው። ሐምሌ የተተከለ ችግኝ መስከረም ላይ ዝናብ ይቋረጥበታል። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ ይሰበሰባል። ከዚያ ከብቱ ይለቀቃል። ያኔ የእኔ የአንተ የለም፣ ሜዳውም ተራራውም የሁሉ ነው። ፍየል ጫፉን ትቀነጥበዋለች፣ በሬ ይረግጠዋል። በዓመቱ እዚያው ጉድጓድ ላይ ሌላ ችግኝ ተክለን ሌላ ፎቶ እንነሳለን። (ደግሞ «ፍየል ናት አገሩን የጨረሰችው» የሚሉ አሉ። ፍየሏን ማን ለቀቃት?)

እኔ ተራራ ሲያገግም ያየሁት ከብት እንዳይገባበት ሲከለከል ነው። ከንክኪ ነፃ የተደረገ ተዳፋት መጀመሪያ ሣር ይለብሳል። ቀጥሎ ክትክታና አጋም ይመጣል። ይህን ጊዜ «ጫካ ሆነ፣ እንመንጥረው» የሚል አይጠፋም። ተዉት! አጋሙን ጠጋ ብላችሁ እሾሁን ገለጥ አድርጉት። ከሥሩ፣ ጥላው ላይ፣ አንዲት ቀጭን ተክል ታገኙ ይሆናል። ቅጠሏ ከላይ አረንጓዴ፣ ጀርባው ቡናማ። ወይራ ናት። ማንም አልተከላትም። ፍሬዋን ወፍ በልታ እዚያ ጣለችው፣ አጋሙም ከፀሐይና ከፍየል አፍ ሸሸጋት። የችግኝ ጣቢያ ወጪ የለባት፣ ጉድጓድ የለባት፣ ውሃ ያጠጣት የለ።

«ታዲያ ከብቴን ምን ላብላ?» ይህ የምር ጥያቄ ነው። ንቄ አላልፈውም። አንድ ቆላማ ቀበሌ ውስጥ ተራራው ሲከለል አንድ ሀጂ በስብሰባ መሐል ተነሥተው «አንተ ልጅ፣ ላም እኮ ካልዞረች ወተት አትሰጥም!» አሉኝ። ሕዝቡ አጨበጨበላቸው። «ሀጂ፣ እስቲ አንቱ ይንገሩኝ፣ በበጋ ላምዎ ጠዋት ወጥታ ማታ እስክትመለስ ምን ትበላለች?» አልኳቸው። ሳቁ። «ድንጋይ» አሉ። እንግዲህ ድንጋይ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ የምትሄድ ላም የበላችውን በመንገድ ጨርሳው ነው የምትገባው። ከተራራው ሣር አጭደው ቤት ቢመግቧት ጉልበቷ ወደ ወተት ይሄዳል፣ እበቷም እዚያው ደጃፍዎ ይከማቻል። ሀጂ ያን ዕለት አላመኑኝም። ያመኑት ከክረምት በኋላ የሣር ድርሻቸውን ተሸክመው ሲወርዱ ነው። ከብት ቀንሰውም ቢሆን ማለት ነው። ይህን ሳልናገር ማለፍ ማታለል ይሆናል፤ አጭዶ የሚመግብ ሰው ብዙ ከሲታ ከብት ከሚያሰልፍ ጥቂት የጠገበች ላም ይይዛል። ሠርግ ላይ «ስንት ከብት አለው?» ተብሎ ለሚጠየቅ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ጥበቃውን ደግሞ ለዘብ አትተዉት። ዘብ ይደክመዋል፣ ይራባል፣ ዘመድም አለው። ሲሠራ ያየሁት ክልከላው በቅሬው፣ ማለትም በዕድሩ፣ ደንብ ውስጥ ሲገባ ነው። የወረዳ ቅጣት ብዙ ሰው አያስፈራም። ከቅሬ መባረር ግን ለቅሶ ላይ ብቻን መቅረት ነው፣ ቀባሪ ማጣት ነው። ከብቱን ተከልሎ ወደተጠበቀ ተራራ የለቀቀ ሰው በቅሬው ፊት ቆሞ ሲጠየቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የከብት ማሰሪያ ገመድ ይገዛል።

«እርከን መሬት ይበላል»

ይበላል፣ ጥቂት። ጎርፉ ምን ያህል እንደሚበላ ግን ማንም አይቆጥርም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአፈር ጥበቃ ጥናት ግምት በደጋው አገራችን ከታረሰ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በዓመት ይታጠባል ይላል። ይህን ከለኩት ጣቢያዎች አንዱ እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ማይባር ነው። እርከኑ የያዘው ቦታ ቢቆጫችሁ ዝሆኔ ሣር ወይም ደሾ ትከሉበት፣ የላሟ መኖ ይወጣዋል።

«ባህር ዛፍ ሰይጣን ነው» እና «ባህር ዛፍም ያው ዛፍ ነው»

ሁለቱም ስህተት። በምኒልክ ጊዜ የገባው ለማገዶ ተብሎ ነው፣ ዛሬም ማገዶና ማገር በመሆኑ የሀበሻውን ዛፍ ከመጥረቢያ ያድናል። ግን ምንጭ ራስ ላይ፣ ረግረግ ላይና የእህል ማሳ ጠርዝ ላይ አይተከልም። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አያስበቅልም። ስለዚህ አፈር ለመያዝ ብላችሁ አትመኩበት። ድንጋያማ ዳገት ላይ ይሁን፣ አለቀ።

«ቆሻሻ ቦርከና ከገባ ወንዙ ያጠፋዋል»

አያጠፋውም፣ ወደ ታች፣ ወደ ጨፋ ረግረግ ሜዳ ያወርደዋል። እዚያ ከብት ይጠጣዋል።

«ፌስታል ካቃጠሉት ንፁህ ነው»

ጭሱን ማን ይተነፍሰዋል? ደግሞ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታል በአዋጅ የተከለከለው ገና በ1999 ነው። ዘንቢል ያዙ።

«እኔ ዛፍ አልቆርጥም፣ ከሰል ከሱቅ ነው የምገዛው»

ይህን የሚለኝ የከተማ ሰው ነው፣ በቀን ሦስቴ ቡና እያፈላ። በባህላዊው አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይነዳል። እንጨቱ ከቆላው ግራር ነው የሚመጣው። ቆራጩ ገዢ ባያገኝ አይቆርጥም። ቡናውን አታፍሉ አላልኩም፣ ወሎ ተወልጄ እንዴት ብዬ! አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን በአንድ ማንደጃ፣ ጎረቤት ተጠራርታችሁ ጠጡ። ድሮስ እንዲያ አይደል የሚጠጣው?

«ኩበት የነፃ ማገዶ ነው»

ወደ ወሎ ደጋ፣ ደላንታ፣ ዋድላ፣ መቄት ሄዳችሁ የቤት ጣሪያ የሚያህል የኩበት ክምር አይታችኋል። እንጨት ስለጠፋ እንጂ ወደው አይደለም የሚያነዱት። ግን ነፃ አይደለም። ለማሳው መግባት የነበረበት ፍግ ነው በየቀኑ ምጣድ ሥር የሚቃጠለው። ያንኑ ገበሬ በሰኔ ማዳበሪያ በብድር ሲገዛ ታገኙታላችሁ።

መፍትሔው ከምጣዱ ይጀምራል። ሦስት ጉልቻ ላይ መጋገር እሳቱን ለነፋስ መስጠት ነው። ምርጥ ምድጃ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሰዋል፣ ጭሱንም ከእናቶች ዓይን ያርቃል። ምድጃው ብቻውን ግን ተአምር አይሠራም። እንጨቱ ይድረቅ፣ ቀጭን ተፈልጦ ይግባ። በየሁለት ቀኑ አምስት አምስት እንጀራ ከመጋገር የሰሞኑን በአንዴ ጋግሩ፤ ማገዶ የሚፈጀው ምጣዱን ማጋሉ ነው። ምድጃው ከኋላ፣ ጭሱ በሚወጣበት በኩል የድስት ማስቀመጫ አለው። እንጀራው ሲጋገር ወጡ እዚያ ይበስላል። ገበያ ላይ ይህን ክፍል አስቀርተው የሚሸጡ አሉ። ተሟልቶ ካልሆነ አትግዙ፤ ስንጥቅ እንደሌለውም በእጃችሁ ዳብሳችሁ እዩ።