የድመትና የአይጥ ሕግ ምንድን ነው?

ኤፕሪል 25 ቀን 1913 የብሪታንያ መንግሥት አንድ ሕግ አጸደቀ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። መጠሪያው «በጤና መታወክ ምክንያት እስረኞችን ለጊዜው ስለ መልቀቅ» የሚል ነበር። ስሙን ለሰማ የርኅራኄ ሕግ ይመስላል። ሕዝቡ ግን «የድመትና የአይጥ ሕግ» አለው፤ ድመት አይጥን ለቀቅ፣ ያዝ እያደረገች እንደምትጫወትባት ማለት ነው። አይጦቹ ሳፍራጄቶች ነበሩ፤ የመምረጥ መብት እስኪሰጣቸው ድረስ መስኮት የሚሰብሩ፣ ባዶ ቤት የሚያቃጥሉ ሴቶች።

ነገሩ የጀመረው በጁላይ 1909 ነው። ሳፍራጄቷ ማሪየን ዋላስ ደንሎፕ በፓርላማው ግድግዳ ላይ የመብት ጽሑፍ በማተሟ ለንደን ውስጥ ያለው ሆሎዌይ እስር ቤት ገባች። እንደ ፖለቲካ እስረኛ ልታይ ብላ ጠየቀች፤ እምቢ ሲሏት ምግብ አልቀምስም አለች። ከ91 ሰዓት በኋላ ትሞትብናለች ብለው ለቀቋት። ሌሎቹም መንገዱን ተከተሉ።

መንግሥት በሴፕቴምበር በበርሚንግሃም ዊንሰን ግሪን እስር ቤት የተራቡትን በግድ መመገብ ጀመረ። ሴት ጠባቂዎች የእስረኛዋን እጅና እግር ይይዛሉ፤ ሐኪሙ የጎማ ቱቦ በአፍንጫዋ ያስገባል፤ ወይም አፏን በእንጨት ወይም በብረት መፈልቀቂያ ከፍቶ በጉሮሮዋ ይሰዳል። ከዚያ ወተትና የተመታ እንቁላል በማንቆርቆሪያ ይፈስሳል። ትልቁ አደጋ ቱቦው መንገድ ስቶ ወደ አየር ቧንቧ መግባቱ ነው፤ የምትታገል ሴት ላይ ደግሞ ይህ ሩቅ አይደለም። በፌብሩዋሪ 1913 ሳፍራጄቷ ሊሊያን ሌንተን ምግቡ ሳምባዋ ገብቶ ለሞት ስትቃረብ በጥድፊያ ተለቀቀች። መንግሥት ካደ፤ ሕዝቡ ግን ተቆጣ።

አዲሱ ሕግ የመጣው ከዚህ ማጥ ለመውጣት ነው። እስረኛዋ ትራብ፤ ስትዳከም የመውጫ ፈቃድ ተሰጥቷት ትሂድ፤ ስታገግም ትመለስ። አድራሻዋን ታስመዘግባለች፤ ለፖሊስ ሳታሳውቅ ከ12 ሰዓት ለበለጠ ጊዜ ከቤት አትርቅም። ይህ አመክሮ አይደለም፤ ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። ውጭ ያሳለፈችው ቀን ከፍርዷ አይቀነስም፤ ሰዓቱ ይቆምና ስትያዝ ካቆመበት ይቀጥላል። ሦስት ዓመት የተፈረደባት የሳፍራጄቶቹ መሪ ኤመሊን ፓንክኸርስት በዚህ ስሌት ዕድሜዋን ሙሉ ስትገባ ስትወጣ መኖሯ ነው።

ስሌቱ አንድ ነገር ረስቷል፤ አይጧ በቀጠሮዋ ቀን አትመለስም። ሌንተን ሊድስ ላይ የሱቅ ተላላኪ ልጅ መስላ አመለጠች። ለንደን ካምደን ሂል አደባባይ ያለው ማገገሚያ ቤት «የአይጦች ግንብ» ተባለ። ኢዲት ጋሩድ የተባለች አሠልጣኝ ጁጂትሱ (የጃፓን የትግል ጥበብ) ያስተማረቻቸው ወደ 30 የሚጠጉ ሴቶችም የፓንክኸርስት አጃቢ ሆኑ። አንድ ቀን ፓንክኸርስት በረንዳ ላይ ንግግር አድርጋ ስታበቃ፣ አጃቢዎቿ ፊቷን የተከናነበች ሌላ ሴት ይዘው ወጡ። ፖሊስ ያቺን ሲያፍስ ዋናዋ ተሰወረች።

ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ በግድ መመገቡም አልቀረም። በ1914 የስፔናዊውን ሠዓሊ የቬላስኬዝን ሥዕል በስለት የቀደደችው ሳፍራጄት ሜሪ ሪቻርድሰን ላይ ተፈጽሟል።

በኦገስት 1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ሳፍራጄቶቹ ምሕረት ተደረገላቸው፤ በ1918 ከ30 ዓመት በላይ ያሉና የንብረት መስፈርት የሚያሟሉ ሴቶች መራጭ ሆኑ። ሕጉ ግን አልተሻረም። በ1917 ምግብ አልቀምስም ያለው አየርላንዳዊ እስረኛ ቶማስ አሽ ደብሊን ውስጥ በግድ ተመግቦ ከሞተ በኋላ፣ ያው ሕግ ለተራቡ የአየርላንድ እስረኞች ዳግመኛ ከመሳቢያ ወጣ።